ቀርታ የማታውቅ ልጅ

ቤታችን የካ ውስጥ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ የልጄ ትምህርት ቤት ከነበረንዳው ይታየኛል። ጉም ካልሸፈነው ማለቴ ነው፤ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን ይውጠዋል። ያን ዓመት ታዲያ በየበሩ ቆማ ቁልቁል የምታይ እናት ብዙ ነበረች። ሁላችንም የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ነጭ ጨርቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚቀሩ ልጆች ስለበዙበት ትምህርት ቤቱ ሽልማት አወጣ። ጠዋት ስም ተጠርቶ ማንም ያልቀረበት ክፍል በረንዳው ብረት ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቅላል። ሴሚስተሩን ሙሉ ጨርቁ ሳይጓደልበት የዘለቀ ክፍል እንጦጦ ፓርክ ይወሰዳል፤ ፈረስ መጋለብ አለ፣ በገመድ መንሸራተት አለ፣ ምሳ አለ። ቀርቶ የማያውቅ ልጅ ደግሞ ዓመቱ ሲዘጋ በወላጅ ፊት ስሙ ተጠርቶ ሰርተፊኬት ይቀበላል። ያረፈደ እንደቀረ ይቆጠራል። አንድ ልጅ ከቀረ የፓርኩ ነገር ለክፍሉ በሙሉ አለቀለት ማለት ነው።

እኔ መጀመሪያ ደስ ነበር ያለኝ፤ አልዋሽም። ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ፤ የልጄ አባት የጭነት መኪና ይዞ አገር ለአገር ይዞራል። ጠዋት "ተነሺ"፣ "ትንሽ ልተኛ" እየተባባሉ ከአምስተኛ ክፍል ልጅ ጋር መጨቃጨቅ ለነጋዴ አይመችም። ሽልማቱ ከወጣ በኋላ ግን ልጄ እኔን ትቀሰቅሰኝ ጀመር። ዩኒፎርሟን ማታውኑ ምስማሩ ላይ ሰቅላ ነው የምትተኛው። ስብሰባ ላይ ወላጁ ሁሉ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

ቆይቶ ነው ነገሩ እያስጠላኝ የመጣው። ጆሮ ደግፍ የያዘው አንድ ልጅ ፊቱ አብጦ በሻርፕ ተጠቅልሎ ሲወርድ አየሁት። አያቱ የሞቱበት አንድ የሰፈራችን ልጅ ደግሞ ቤተሰቡ ለቀብር ሲወጣ እሱ ቦርሳውን አንግቶ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። እናቱ አልከለከለችውም። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ "ጎበዝ ልጅ" ሲል ሰማሁና እንጀራውን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ስለ ልጄ አመል መናገር አለብኝ፣ አለዚያ የሚመጣው ነገር አይገባም። ልጄ ስሟን ሲጠሯት በመጀመሪያው አትመልስም። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ እኔን ደግሞ እናቴ። እናቴ ከወደ ደቡብ፣ ከአገሯ ይዛው የመጣችው ነገር ነው፤ የጠራሽን ሳታይው አቤት አትበይ ትለኝ ነበር። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራሻል። ሰው ያልሆነ ነገር ግን የሚጠራው አንዴ ብቻ ነው፤ ከመለስሽለት ይዞሽ ይሄዳል። እኔ እንኳን በሙሉ ልቤ አምኜበት አይደለም። የምንኖረው ጫካ ዳር ስለሆነ፣ ልጄ የማታውቀው ሰው ጠራኝ ብላ ተነስታ እንዳትሄድ ይጠቅማታል ብዬ ነው። እሷ ግን የነገሯትን ከያዘች አትለቅም። ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ መምህሩ ፊት ለፊቷ ቆሞም፣ ሦስቴ ካልተጠራች አትመልስም።

የክፍሏ ኃላፊ ወጣት መምህር ነው፣ ትሑት ልጅ። ካርድ ልወስድ ስሄድ "ጆሮዋን አስመርምረዋት ያውቃሉ?" አለኝ።

"ከእኔም ከእርስዎም የተሻለ ትሰማለች" አልኩት።

"ታዲያ ለምንድን ነው ሦስቴ የምታስጠራኝ? የክፍሉ ልጆች ይስቁባታል እኮ።"

እናቴ እንዲህ ትል ነበር ብዬ ዲግሪ ላለው ሰው እንዴት ላስረዳው? አመሏ ነው ብዬ ተውኩት።

ሰኔ ሲገባ ልጄ ታመመች። ሌሊቱን ስትቃትት አድራ ጠዋት ሰውነቷ እንደ ምድጃ ይፋጃል። እንደዚያም ሆና ካልሄድኩ ብላ ተነሳች፤ ካልሲዋን ለማድረግ ጎንበስ ስትል እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አቅፌ ወደ አልጋዋ መለስኳት። አለቀሰች። "እኔ ከቀረሁ ሁሉም ይቀርባቸዋል" አለችኝ። "ማንም አያናግረኝም።"

"የእኔ ልጅ ከሞተች ፓርኩን ምን ላደርገው ነው?" ብዬ ጮህኩባት። ስፈራ እጮኻለሁ፤ አመሌ ነው።

ገበያ መውረዴን ትቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ እያደረግኩ ሳለ የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማ። ደወሉ ቤታችን ድረስ ይሰማል፣ ሌላ ድምፅ ግን አይሰማም። ጥቂት ቆየ። ልጄ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ትንፋሿ ከባድ ነው። ድንገት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰና፣ የታመመ ሰው በማይመስል ጥርት ያለ ድምፅ "አቤት" አለች።

ማንም አልጠራትም ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን፤ እኔ አፌን አልከፈትኩም።

ቅዠት ነው አልኩ። ትኩሳት ያለው ሰው ይለፈልፋል። ግን አንገቴን አንድ ነገር ቀዝቀዝ አለኝና አየር ልቀበል ወደ በሩ ወጣሁ። ጉሙ ለአፍታ ተገልጦ በረንዳው ይታያል። ከደረጃው ቀጥሎ ያለው ክፍል የልጄ ነው። አንድ ልጅ ከክፍሉ ወጥቶ ነጭ ጨርቁን ብረቱ ላይ አንጠለጠለና እጥፋቱን አስተካክሎ ተመለሰ። ዞሬ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። ልጄ አልጋዋ ላይ ናት። እጇን ያዝኩት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካሁ። ሙሉ ነበረች።

መምህሩ ጋ ደወልኩ። "ልጄ ዛሬ ታማለች፣ አትመጣም" አልኩት።

"እንዴ፣ አለች እኮ እናቴ። አሁን ስም ጠርቼ ወጣሁ።"

"አይተዋታል?"

"መብራት ጠፍቶብን ክፍሉ ጨልሟል። ግን ድምፅዋን አውቀዋለሁ። እንደ ልማዷ ሦስቴ ጠርቻት ነው አቤት ያለችው።"

ስልኩን በምን አኳኋን እንደዘጋሁት አላስታውስም። ልጆች ናቸው፣ ጓደኛዋ ናት፣ ድምፅዋን አስመስላ ነው አልኩ ለራሴ። ደግሜ ደጋግሜ አልኩት። የዚያን ቀን ግን ከልጄ አልጋ አጠገብ ለውኃ እንኳን መነሳት ፈራሁ።

ወደ ማታ ትኩሳቱ በረድ አለላት። ዓይኗን ስትገልጥ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ጨርቁ ተሰቀለ?" ነበር።

"ተሰቅሏል" አልኳት።

ትገረማለች ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አለች። "ሄጄ ነበር እኮ እማዬ" አለችና ዞር ብላ ተኛች።

ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ቀጥሎ ቅዳሜና እሁድ ሆነና እረፍት አገኘች። ሰኞ ጠዋት ገና አልጠናችም ነበር፤ ስትቆም ግድግዳ ትይዛለች። እኔ ደግሞ በርበሬ የሚያመጣልኝ ሰው በጠዋት ሾላ ይደርሳል፤ ካላገኘኝ ጭነቱን ለሌላ ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ቤት እንድትውል ነገርኳት፣ እሺ አለች። አጥሚቷን አጠገቧ አስቀምጬ፣ ለጎረቤቴም አደራ ብዬ ወረድኩ። ጉሙ ያን ቀን የሰው እግር እንኳን አያሳይም ነበር።

ሱቄ ደርሼ ትንሽ ፋታ ሳገኝ መምህሩ ጋ ደወልኩ። ደግሞ ሌላ ነገር እንዳይፈጠር ብዬ ነው። "ዛሬ ልጄ ቤት ነች። ቀሪ ይበሏት።"

"ኧረ መጥታለች!" አለ። ድምፁ ደስ ያለው ይመስላል። "ደግሞ ዛሬማ አመሏን ትታለች። ገና አንዴ ስጠራት አቤት አለች።"

"ስንቴ ጠሯት?"

"አንዴ ብቻ።"

የሚዛኑን ሳህን እንደያዝኩ ቆምኩ። ደንበኛዬ ሴትዮ "ምነው? ምን ሆንሽ?" ትለኛለች። ልጄ በአንድ ጥሪ አትመልስም። እኔን እናቷን እንኳን በአንድ ጥሪ መልሳልኝ አታውቅም። እዚያ ክፍል ውስጥ አቤት ያለችው ማንም ትሁን ማን፣ ልጄ አይደለችም።

ሱቁን ለሴትዮዋ ጥዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱን "ንዳ በለው!" እያልኩ ስጮህ ሰው ሁሉ ያየኛል። ከታክሲው ወርጄ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። አልጋዋ ባዶ ነው። አጥሚቱ ስስ ሽፋን ሠርቷል። ምስማሩ ላይ ዩኒፎርሟ የለም። ጎረቤቴ ቁርስ ስታቀራርብ ነው መሰል ስትወጣ አላየቻትም።

ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። መምህሩ ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ። ክፍሉን ከፈተልኝ። ልጆቹ ከነሹራባቸው፣ ከነኮፍያቸው ተደራርበው ተቀምጠዋል። በመስኮቱ በኩል የቆመው ጉም ክፍሉን አመድማ አድርጎታል። ልጄ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ቦርሳ የለ፣ ደብተር የለ።

"ልጄ የታለች?" አልኩ።

ሁሉም ዴስካቸውን ያያሉ። ከኋላ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ "አለች" አለ። ሌላዋ "አለች" አለች። ከዚያ ከየጥጉ፣ አፋቸውን ብዙም ሳይከፍቱ "አለች፣ አለች" እያሉ ተቀባበሉት። መምህሩ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። እኔ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ነጩ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ መንጭቄ ወሰድኩት። ለምን እንደወሰድኩት አላውቅም፤ ጫካው ደርሼ ነው እጄ ላይ ያየሁት።

ትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ቤቱ ይደወልለታል። ይህ የድሮ ደንባቸው ነው፣ ደግሞም ደህና ደንብ ነው። የእኔ ልጅ ግን በነሱ ቤት ስላለች ማንም አልደወለም። ያን ቀን ሾላ ሆኜ እኔው ባልደውል ኖሮ፣ ልጆች እስከሚለቀቁ ድረስ ማንም ሰው አይፈልጋትም ነበር።

የሰፈሩ ሰው ወጣ። ጎረቤቶቼ፣ መምህሩ፣ ጉልት ላይ የነበሩ ሴቶች፣ ፊሽካ የያዘ የደን ጠባቂ። ከቤታችን ወደ ትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ አለ፤ ዋናው ይዞራል፣ ያረፈደ ልጅ ግን በባሕር ዛፉ መሐል በገደሉ አፋፍ ያቋርጣል። በዚያ በኩል ገባን። ጉሙ መሐል ሰውና ዛፍ አይለይም። ሁሉም የልጄን ስም ይጠራል። አንዱ ከላይ ይጠራና ያልፋል፣ ሌላዋ ከታች ትጠራና ታልፋለች። ስሟ ከየአቅጣጫው፣ በማላውቀው ድምፅ ሁሉ ይመጣል። መልስ የለም። እየቆየ ሲሄድ የሚጠሩት ሁሉ ጎረቤቶቼ መሆናቸውን መጠራጠር ጀመርኩ። አንዱ ድምፅ በጣም ሩቅ ነበር፣ ከሰው ሁሉ ራቅ ብሎ፤ የሴት ድምፅ ነው፣ ስሟን እኔ በማቆላምጥበት አጠራር ነው የሚጠራት። አንዴ ጠርቶ ዝም አለ።

ያኔ ነው ያስተማርኳት ነገር ራሴን የመታኝ። ሁሉም አንዴ እየጠራ ያልፋል። ልጄ ብትሰማ እንኳን አትመልስም። ልጄ እየሰማችን ሊሆን ይችላል!

"ዝም በሉ!" ብዬ ጮህኩ። "ሁላችሁም ዝም በሉልኝ!"

ጫካው ዝም አለ። ከቅጠሉ የሚወርደው ጠብታ ብቻ ይሰማል። ካለሁበት ሳልንቀሳቀስ ስሟን ጠራሁ። ምንም። ሁለተኛ ጠራሁ። ምንም። ሦስተኛውን ለመጥራት አፌን ከፍቼ ፈራሁ። ይህም ካልተመለሰ ሌላ የምጠራበት ነገር የለኝም። እንባዬን ውጬ ጠራኋት።

"አቤት" አለ ከታች፣ የደከመ ድምፅ።

ከአፋፉ በታች፣ ጎርፍ በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ነበረች። ቁርጭምጭሚቷ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ሰዎች ሲደርሱ እኔ እግሯን በዚያ በነጩ ጨርቅ እያሰርኩ ነበር። እያሰርኩም እየተቆጣሁ፣ እየተቆጣሁም እየሳምኳት።

"ለምን አልመለስሽም? ያ ሁሉ ሰው ሲጠራሽ!"

"አንዴ እየጠሩ ያልፋሉ" አለችኝ። "ፈራሁ።"

"ጠዋትስ? አልጮህሽም?"

"ጮህኩ። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ግን ተውኩት።" የታሰረ እግሯን እያየች፣ "ስም ሲጠራ እሰማ ነበር" አለች። ከዚያ ጉድጓድ የክፍል ድምፅ አይሰማም፤ እኔም፣ መምህሩም፣ የደን ጠባቂውም እናውቃለን። "የእኔ ስም ተጠራ። አንድ ልጅ አቤት አለች። ከዚያ እኔን የሚፈልግ እንደሌለ አወቅኩ።"

መምህሩ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

እግሯ ጀሶ ውስጥ ገባ፤ ያ ሰኞ የሴሚስተሩ የመጨረሻው ስም የሚጠራበት ቀን ስለነበር ከዚያ በኋላ ቀሪ የሚባል የለም። ከጥቂት ቀን በኋላ አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ከእናቷ ጋር ብርቱካን ይዛ መጣች። ሰኞ ዕለት የመለስኩት እኔ ነኝ ብላ ተንሰቀሰቀች፤ ክፍሉ ሁሉ ተመካክሮ ነው። አልተቆጣኋትም፣ ራሷን ዳበስኳት። "ያን ዓርብ፣ በታመመችበት ቀንም አንቺ ነሻ?" አልኳት፤ ነገሩ እንዲዘጋልኝ ብዬ ነበር።

ልጅቷ ማልቀሷን አቆመች። "አይደለሁም" አለች። "ልመልስላት ፈልጌ ፈራሁ። ሁለቴ ተጠራች፣ ማንም ዝም። ሦስተኛ ሲጠራ ከአጠገቤ አቤት አለች። ከቦታዋ። እኔ ማንም እንዳልተቀመጠበት አይቻለሁ። ለዚህ ነው ሰኞ ቶሎ የመለስኩት፤ ያ ነገር ደግሞ እንዳይመልስ ብዬ።"

እናቷ "አንቺ ልጅ፣ በፈጣሪ!" ብላ አፏን ያዘቻት። ብርቱካኑን የሚበላ ጠፍቶ እዚያው ዋለ።

ዳይሬክተሩ ጋ ሄድኩ። ደህና ሰው ናቸው፣ ወንበር ሰጡኝ፣ አዘኑልኝ። ሽልማቱ ልጆቹን ሰዓት ማክበር አስተምሯል፣ ብዙ ወላጅ ወዶታል አሉኝ። ውሸት አይደለም። እኔ የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ነው፤ ዓርብንም ሰኞንም ልጄን ቀሪ በሉልኝ። እሳቸው ግን "አሁን ብንነካው የክፍሉ ልጆች ሁሉ ይጎዳሉ፤ ልጅዎም ብትሆን ታጣለች እንጂ ምን ትጠቀማለች?" አሉኝ። እናየዋለን ብለው ሸኙኝ። ክፍሉ ፓርክ ሄደ። ልጄ በሩ ላይ ተቀምጣ አውቶብሱ ዳገቱን ሲወጣ አየችው።

ካርድ የሚሰጥበት ቀን ክራንቿን ይዛ ወረድን። ግቢው በወላጅ ሞልቷል፣ ጉሙም ወርዷል። እሷን ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ እጇን ያዝኩ። ቀርተው የማያውቁ ልጆች መጠራት ጀመሩ፤ እያንዳንዱ አቤት እያለ ይወጣል፣ ይጨበጨባል። ከዚያ በድምፅ ማጉያው የልጄ ስም ተጠራ።

ልጄ እጄን ጨመቀችኝ። አፏን ዘጋች።

ሁለተኛ ተጠራች። ሰው ዞር ዞር እያለ ይፈልጋታል። መምህሩ ከመድረኩ አጠገብ አቀርቅሯል።

ሦስተኛ ተጠራች።

"አቤት" አለ አንድ ድምፅ፣ ከተማሪዎቹ ሰልፍ መሐል። ጥርት ያለ ነው። አውቀዋለሁ፤ ከተወለደች ጀምሮ አብሬው ኖሬያለሁ። ልጄን አየኋት። ከንፈሯ እንደተዘጋ ነው፤ ዓይኗ ብቻ ተከፍቶ ያየኛል።

ጭብጨባው ጀመረ። ሰልፉ መሐል አንድ ሰው ለማሳለፍ ልጆቹ ቀስ ብለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ፈቀቅ አሉ። የሚያልፍ ግን አልታየኝም። እኔ ተነስቼ ቆምኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

"የለችም!" አልኩ። "እዚያ የለችም! ልጄን ቀሪ በሉልኝ!"